ጉንጩ ላይ የቀረው መንጠቆ

የልጅቷ አጎት መንጠቆውን ትሪው ላይ፣ በሁለት የቡና ስኒዎች መካከል ጣለው። ድምፁ አንዲት የስኳር ፍሬ ስትወድቅ ከሚሰማው አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ ትሪው ዞረ።

«ከጉንጩ ነው ያወጣሁት» አለ። «በፒንሳ። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ አልደፍርም ሲለኝ፣ በራሴ እጅ።»

አጎቷ ሥጋ ቤት አለው። ሠላሳ ዓመት አጥንት ሲሰብር የኖረ ሰው ነው፤ ክንዶቹ ከጥቁር ኮቱ እጅጌ ለማምለጥ የሚታገሉ ይመስላሉ። ታላቅ ወንድሙ፣ የልጅቷ አባት፣ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው። አጎቷ እስካሁን አላለቀሰም። ለቅሶውን ለሌላ ነገር አቆይቶታል።

ልጅቷ ቴርሞሱን እንዳዘነበለች ቀረች። ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ኧረ ልጄ፣ ቀሚሴን!»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

መንጠቆውን ለማየት መጠጋት አላስፈለጋትም። ጥቁር የሰው ፀጉር ተጠምጥሞበታል፣ በቀይ ክር ታስሯል። ሟቹ አባቷ በትልም በዳቦም አያጠምድም ነበር። ላባ ወይም ፀጉር መንጠቆ ላይ ጠምጥሞ የነፍሳት መልክ ይሰጠዋል፣ ያንን በረጅም ቀጭን ዘንግ እየወረወረ ካርፕ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ያታልልበታል። ዓሣ አጥማጆቹ «ዝንብ» ይሉታል። ትሪው ላይ ያለው ዝንብ ጫፍ ላይ፣ አንዴ ከገባች ወደ ኋላ የማትወጣዋ ትንሽ እሾህ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ተመልከቱልኝ» አለ አጎቷ፣ በወፍራም ጣቱ እሾሁን እየነካ። «ጋሼ እሾሁን በፒንሳ ሳይደፈጥጥ መንጠቆ ውሃ ውስጥ ጥሎ አያውቅም። የዓሣው አፍ እንዳይቀደድ። ይሄ አልተደፈጠጠም፣ ስለዚህ የጋሼ አይደለም። ፀጉሩስ? ከሱቁ ወለል ላይ ፀጉር እየጠረገ ዝንብ የሚሠራ ማነው?»

ማንም ስም አልጠራም። ፀጉር አስተካካዩን ሁሉም ያውቀዋል። አሥራ አንድ ዓመት ከአባቷ ጋር በአንድ ግድብ ዳር ቆሞ ያጠመደ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ዓሣ በሚበዛበት ጥግ ላይ ማን ይቁም በሚል ተጣልተው፣ በግድቡ ጠባቂ ፊት አንገት ለአንገት ተያይዘዋል።

«ፖሊስ ‹ሰምጦ ነው› ብሎ ዘጋው። ይዝጋው» አለ አጎቷ። «ሰውየው ጋሼ በሞተበት ቀን ሱቁን ቆልፎ እህቱ ዘንድ ሄዷል። ቅዳሜ ለቅሶ እደርሳለሁ ብሎ ልኳል። ይድረስ።»

«ቢላዋህን ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ነገሩን በቀልድ ልታለዝበው።

«ለሱ ቢላዋ አላባክንም። እጄ ይበቃዋል።»

ልጅቷ ቴርሞሱን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እናቷ ስኒ ታጥባለች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ የዛሬ ስድስት ዓመት አባቷ የመኪና በር ዘግቶባቸዋል፣ ሆን ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

«ሰማሽው?»

«ጆሮ አለኝ።»

«ሊገድለው ነው።»

«አይገድለውም። ይመታዋል።»

«እማዬ፣ በዚህ ቤተሰብ መምታት ጀምሮ የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ወንድ አይተሻል?»

እናቷ የቧንቧውን ውሃ ዘጋች። «ስሚኝ። የዚያን ቀን ከፀጉርሽ እስከ ጫማሽ ርሰሽ ስትገቢ ‹የት ነበርሽ?› አልኩሽ? አላልኩሽም። ሱሪሽን ከነጭቃው ወስጄ አጠብኩት። አሁንም አትንገሪኝ። ለማንም አትንገሪ።»

«ሰውየው እኮ ምንም አላደረገም።»

«ይሁና። ፊቱ ያብጣል፣ ከዚያ ይሻለዋል። የኔ ስንቴ አብጦ ስንቴ ተሻለው?»

ይህን ብላ ውሃውን መልሳ ከፈተች። ነገሩ ለእሷ አልቋል።

በዚያ ቤት የዓመቱ ወቅት ሁለት ብቻ ነበር፤ ብርድና ሙቀት። ሲበርድ ካርፕ ወደ ግድቡ ጥልቅ ክፍል ይወርዳል፣ ምግብም አይነካም፣ አባቷም ከብየዳ ሥራው በቀጥታ ቤት ይገባል። አባቷ በጊዜ ቤት ገባ ማለት ሳህን ተሰበረ፣ በር ከማጠፊያው ተነቀለ፣ እናቷ ፀሐይ በሌለበት ቀን ጥቁር መነጽር አደረገች ማለት ነው። ሙቀቱ ሲመለስ ግን ካርፖቹ ወደ ዳር ይወጣሉ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አፋቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አውጥተው ይግጣሉ። ያን ጊዜ አባቷ የሚያየው ነገር ያገኛል። ሲመለስ ፀሐይ ለብልባው፣ ወገቡ ደንዝዞ፣ እጁን ለማንሳት ጉልበት አጥቶ ይተኛል። እናትና ልጅ የአየር ትንበያ የሚያዳምጡት ስለ ጃንጥላ ተጨንቀው አልነበረም።

ልጅቷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ሌንስ ትሞርዳለች። በመጀመሪያ ደመወዟ ማግስት የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ ጥሩ መነጽር ሠርታ ሰጠችው። ሰው ሁሉ «አቤት የአባት ፍቅር!» አለ። ሒሳቡ ሌላ ነበር። ዓሣው ከታየው ይቆያል፣ ከቆየ ደክሞት ይገባል።

እሷንም ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ይዟት ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ዝምታ ነው። ካርፕ የሰው ኮቴ በመሬቱ በኩል ይሰማል። አንዴ ጠጠር ከጫማዋ ሥር ሲንሸራተት ዞር ብሎ በዘንጉ እጀታ ቅልጥሟን መታት። አላለቀሰችም፣ ማልቀስም ድምፅ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ማየት ነው። ካርፕ ዝንብ ሲጎርስ ክሩን አይጎትትም፤ ጭንቅላቱን ትንሽ ብቻ ያዘነብላል። ያቺን ቅጽበት ያላየ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል እንጂ አያጠምድም። ልጅቷ ቶሎ ተማረች። ቤት ውስጥም ያው ነበር፤ የአባቷ አንገት ወደ ግራ ትንሽ ሲያዘነብል ሳህኑን ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል።

አንድ በጋ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ፣ እሱ ሳያይ እሷ አየች። «አሁን» አለችው በሹክሹክታ። ዘንጉን አነሳ፣ ካርፑ ተያዘ፣ ሃያ ደቂቃ ታገለው። ከዚያ ሳያያት «አየሽው» አላት። አንድ ቃል። ቀጥሎ የመጣው ብርድ በሕይወታቸው ከባዱ ነበር፤ ልጅቷ ግን ያቺን አንድ ቃል ይዛ አሳለፈችው። ይህን ስታስታውስ ዛሬም ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል።

በሁለተኛው ቀን የአባቷ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ከሁሉም አንጋፋው በያጅ ቡናውን ጨርሶ ወሬ ያዘ።

«እሱ እኮ ዓሣውን አይበላውም ነበር። ይዞ፣ አይቶ፣ ይለቀዋል። እጁን ውሃ ውስጥ ሳያርስ አይነካውም ታውቃላችሁ? ደረቅ እጅ የቆዳውን ልጋግ ይልጠዋል፣ ከዚያ ይታመማል ይል ነበር። የሚገርም ርኅራኄ!»

ከንፈር ተመጠጠ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብላ «እናትሽን በደረቁ ነበር እንዴ የሚነካት?» አለቻት። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ በሳል ሸፈነችው።

ሳቅ። ያኔም፣ ግድቡ ዳር፣ ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ፀጉሯ ወገቧ ይደርሳል፣ አንድ ጉንጉን አድርጋ ትተወዋለች። እንቁራሪት ከጫማዋ ላይ ስትዘል ጮክ ብላ ሳቀች። አባቷ ለሁለት ሰዓት ተንበርክኮ የተጠጋው ካርፕ ውሃውን አደፍርሶ ጠፋ። አባቷ ምንም አልተናገረም። ጉንጉኗን ይዞ ወደ ጭቃው አንበረከካት፣ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረ፣ ከወገቡ ያለውን ቢላዋ አወጣ። ቢላዋው ደነዝ ነበር። እንደ ገመድ እየገዘገዘ ቆረጠው፤ ከሥሩ የተነቀለው ቦታ ደማ።

ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን ከእነሱ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። አየ። የሆነ ነገር ማለት እንዳለበትም ገባው፤ ያለው ግን «ምነው ወዳጄ፣ እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው?» ነበር። አባቷ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀና ወደ ውሃው ዞረ።

አባቷ ጉንጉኑን አልጣለውም። «ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም» ብሎ በዚያ የብርድ ወራት አርባ ዝንብ ሠራበት። የልጅቷ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ እንደሱ ያለ ዝንብ ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የተያዘ ካርፕ ሁሉ የተያዘው በእሷ ፀጉር ነው።

አጎቷ ይህን አያውቅም። አሁንም መንጠቆውን በክብሪት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ለመጣ ሁሉ ያሳያል። ባሳየ ቁጥር ድምፁ ዝቅ፣ አንገቱ ወፈር እያለ ይሄዳል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ልትነግረው ተነሳች፣ ሁለት ጊዜ የእናቷ ዓይን መልሶ አስቀመጣት። ነገ ይነገራል፤ ጠዋት፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት። ጠዋቱ መጣ። ጠዋቱ አለፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጣ። አጭር፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያጽናችሁ። እህቴ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት፣ አላመንኩም። እንደተጣላን ቀረን እኮ…»

«ግባ፣ ግባ» አለ አጎቷ። አስገብቶ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ሰው አለ። አጎቷ የክብሪት ሳጥኑን ከፈተ። «ይሄን ታውቀዋለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የሙያ ነገር ሲሆን ሰው ሐዘኑንም ይረሳል።

«የኔ አይደለም። የኔ ፀጉር ከማሽን የወደቀ አጭር ፀጉር ነው። ይሄ ረጅም ነው፤ ተጣጥፎ ነው የተጠመጠመው፤ የሴት…»

ቆመ። ቀና ሲል ልጅቷን አያት። ልጅቷም ዓይኑን አየች፣ ሁሉ ነገር እንደገባው አወቀች።

«የሴት ምን?» አለ አጎቷ።

«የኔ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ባርኔጣውን ወንበር ላይ አስቀመጠ። «አሁን ሳየው የኔ ነው። እዚያ ነበርኩ።»

የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ ሲሰበር እርጥብ እንጨት እንደሚሰነጠቅ ተሰማ። ሁለተኛው አፉ ላይ። ሰውየው ወደ ኋላ ሄዶ ትሪው ላይ ተቀመጠ፣ ስኒዎቹ ከሥሩ ተፈረካከሱ። አጎቷ በኮቱ አንገት አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው፣ ደግሞ አላተመው። ልብስ ሰፊዋ «ኡ! ኡ! ሰው ገደለ!» እያለች በሩን ትደበድባለች። አንጋፋው በያጅ አጎቷን ከኋላ ሊይዝ ሲል ክርን ጥርሱን አገኘው፣ አፉን ይዞ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን አንድም ጊዜ አላነሳም። ከወደቀ በኋላ አጎቷ በጫማው ጎድኑን መምታት ጀመረ፤ ሳይቸኩል፣ በልክ፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ እንዳለ።

እናቷ የልጅቷን ክንድ በሦስት ጣቷ ጨምድዳ ይዛለች። «ዝም በይ። ራሱ ነው ያመነው። ዝም በይ።»

ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከክንዷ ላይ አላቀቀች።

«ፀጉሩ የኔ ነው!»

አጎቷ እግሩን እንዳነሳ ዞረ።

«አባዬ የቆረጠው ፀጉሬ ነው። ከተረፈው ዝንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠዋት መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ሲያስጮህብኝ ቸኩዬ እሾሁን ሳልደፈጥጥ ወጣሁ። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሱ አልነበረም።»

አጎቷ መጥቶ በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጮኸ። መኪና እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀችና ቀጠለች።

ትልቁን ካርፕ፣ አባቷ ሦስት በጋ ሲከተለው የኖረውን፣ እሷ ናት ቀድማ ያየችው። ወርውሪ አላት። ወረወረች፣ አጠረ። ደግማ ለመወርወር ክሩን ወደ ኋላ ስትልክ እሱ ክንዷን ሊያርም ከጀርባዋ ተጠግቶ ነበር። ከሚወረውር ሰው ኋላ አትቁሙ እያለ የኖረ ሰው ራሱ ቆመ። ክሩ ከብዶ ሲይዛት ቅጠል መሰላትና በሙሉ ኃይሏ ወደ ፊት ሳበችው። መንጠቆው ጉንጩ ውስጥ እስከ አጥንቱ ገባ። ጮኸ፤ በጩኸቱ ካርፑ ጠፋ። ያበደው በጉንጩ አይደለም፣ በካርፑ ነው። ጭንቅላቷን ይዞ ውሃ ውስጥ ደፈቃት። አወጣት፣ ደግሞ ደፈቃት። ጭቃ ዋጠች። ጣቱን ነክሳ አመለጠች፤ ዘንጉ እጇ ውስጥ ቀርቷል፣ ክሩ አሁንም ከጉንጩ ጋር ተያይዟል። በዳሩ በኩል ሮጠች። እሱ ሊቀድማት በውሃው ውስጥ አቋረጠ፤ ከውሃው ሥር ድሮ በማሽን የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ለማጥመድ የለበሰው፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ውሃ ሞላው።

«ከዚያስ?» አለ አጎቷ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ጭንቅላቱ ወጣ። ክሩ ተወጥሮ ተሰማው። ‹ጫፉን ከፍ አድርጊ!› አለኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የዘንጉ ጫፍ ከፍ ካለ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ክብደቱን እሱ ይሸከማል፣ ክሩ አይበጠስም። በክሩ ሊወጣ ፈልጎ ነው። እኔ ዘንጉን አስተካክዬ ወደ ፊቱ ቀጥ አደረግኩት። ቀጥ ካለ ይበጠሳል። አውቃለሁ፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። እሱም አየኝ። ክሩ ተበጠሰ።»

«አንቺስ?»

«ቆምኩ። ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጎቷ እጆቹን አያቸው፤ ደም ነበረባቸው፣ የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገባው። ከዚያ ለመጠየቅ የፈራውን ጠየቀ።

«ጫፉን ከፍ ብታደርጊው… ክሩ ይይዘው ነበር?»

«አላውቅም።»

«ክሩ ስንት ይችላል?» አለ ከወለሉ ላይ ፀጉር አስተካካዩ። አፉ አብጦ ቃላቱ ይንሸራተታሉ።

«ሦስት ኪሎ ተኩል።»

«እሱ አምና በዚያው ክር አሥራ ሁለት ኪሎ ካርፕ አውጥቷል። ቀስ ተብሎ ከተያዘ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ክብደት…» ምን እያለ እንደሆነ አሁን ገባው። የቀረውን ከደሙ ጋር ዋጠው።

አጎቷ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም አላነሳውም።

ልጅቷ በተፈረካከሱት ስኒዎች መካከል፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ባዶውን ተዘርግቷል። ጣቶቿ ዘንግ እንደጨበጡ ሁሉ ቀስ ብለው ታጠፉ፣ አውራ ጣቷ ከላያቸው ተጋደመ፣ ክርኗ ከጎኗ ተጣበቀ። ከዚያ ያንን ባዶ እጅ፣ በጥንቃቄ፣ ምንም ነገር እንዳይበጠስባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው።